የድሮው ቶም በአዲስ ብረት

አንባቢ ሆይ፤ ጋምቤላ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተመድበው እንደ ሆነ፥ ወይም የዚያው አገር ተወላጅ ሆነው ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተ ሰብዎ ተመልሰው እንደ ሆነ፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የኖረ አሮጌ ቶም ቢያገኙ ምን ያደርጉበታል? ምላሶቹ ዝገዋል፤ አንዱ ተሰብሯል፤ ሁለቱ ላልተው ወደ ጎን ዘመም ብለዋል። እንጨቱም ተሰንጥቋል። እጅዎ ፒንሳና ሞረድ ለማንሣት ይቸኩል ይሆናል። ከመቸኮልዎ በፊት ግን ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት መልካም ነው።

ቶም በአኝዋሃ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ፥ በአውራ ጣት የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። እንደ ክራርና እንደ በገና አውታር የለውም። በእንጨት አካል ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው በርኩማ ይደገፋል፤ ከላያቸው ደግሞ መጫኛ ዘንግ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ተጫዋቹ በሁለት እጁ ይዞ የምላሶቹን ጫፍ በአውራ ጣቶቹ ጫን እያደረገ ይለቃቸዋል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለአደባባይ አይበቃም። የአኝዋሃ ቋንቋ ከኬንያ ሉኦዎች ቋንቋ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው፤ በሉኦዎች አነጋገር ደግሞ «ቱም» ሙዚቃ ማለት ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ስም እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ድረስ ወንድም አለው።

እዚህ ላይ ተማሪ የሆኑ አንባቢ የፊዚክስ ደብተራቸውን ያስታውሱ። የክራር አውታር ርዝመቱ በግማሽ ቢያጥር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። የቶም ምላስ ግን ከዚህ ይልቅ ቁጡ ነው፤ የድምፁ ከፍታ የሚለወጠው በርዝመቱ ካሬ ነውና። ከበርኩማው ወዲህ ነጻ የሆነው ክፍል 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ብቻ ይበቃል። ይኸው ምላስ አንዲት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ብትገፉት ደግሞ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ተከታዩ ካለው ርቀት ከግማሽ የሚበልጠውን ያህል ቅኝቱን ይስታል። መጫኛው ዘንግ የላላበት ቶም ምንም ያህል ቢያምር የማይዘፈንበት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቤትዎ ያለው አሮጌ ቶም ቅኝት በወረቀት ላይ በኖታ ተጽፎ አልተቀመጠም። የተጻፈው በምላሶቹ ርዝመት ነው። ምላሶቹን ነቅለው አውጥተው በአዲስ የተኩ ቀን፥ አያትዎ በጆሯቸው ለክተው ያስተካከሉትን ነገር አብረው ነቅለው ጣሉት ማለት ነው።

ይህን ስል ግን «ጥንታዊ ዕቃ ነውና አዲስ ብረት አይንካው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች መሣሪያው ከመጀመሪያው እንዴት እንደ ተሠራ የተመለከቱት አይመስለኝም። እንዲህ ያሉት የአውራ ጣት መሣሪያዎች በአፍሪካ በአንዳንድ ስፍራ ምላሳቸው ከቀርከሃና ከዘንባባ ዘንግ ይሠራል፤ በብዙ ስፍራ ደግሞ ሠሪዎቹ ምስማር፥ የብስክሌት ራጅ፥ የዣንጥላ ሽቦ ቀጥቅጠው ምላስ ያደርጉታል። ጋምቤላም ብትሆን ከውጭ ዕቃ ጋራ የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ውሃው በሚሞላበት በክረምት ወራት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የፋብሪካ ዕቃ ያራግፉ፥ ቡናም ይጭኑ ነበር። ጣቢያውም ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን መንግሥት ሥር ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ወደብ አጠገብ የሚኖር ብልኀተኛ ሰው የተሻለ ብረት ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፈዋልን?

የብረቱ ነገር ራሱ ጥቂት ማብራራት ያሻዋል። ለስላሳ የምስማር ብረት ሳይሞቅ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ እንደ ስፕሪንግም ተለጥጦ ይመለሳል። በእሳት ቀልቶ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ይለሰልሳል፤ ሲመቱት ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ ውሎ አድሮም ጎብጦ ይቀራል። የብስክሌት ራጅና የዣንጥላ ሽቦ የሚመረጡት ጠንካራ ብረት በመሆናቸው ነው። ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል ከሆነ ድምፁ እጅግ አይለወጥም፤ የሚጨምረው ጽናቱና የድምፁ ዕድሜ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ምላስ በተሻለ ብረት መተካት ቅኝቱን አይጎዳውም፤ መለኪያው እስካልጠፋ ድረስ።

መለኪያው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ካሊምባን ይመልከቱ። ሂዩ ትሬሲ የተባለው በደቡባዊ አፍሪካ የኖረ እንግሊዛዊ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን አሻሽሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካሊምባ ብሎ ለገበያ አወጣው። ሥራው ጥሩ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን ቅኝቱ የአውሮጳ ሆነ፤ እንደ ንብ ጢዝ የሚለውም ድምፅ ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የአፍሪካ መሣሪያ ማለት ይህ ብቻ ይመስለዋል። ያ የንብ ድምፅ ግን የሥራ ጉድለት አልነበረም፤ ሠሪዎቹ ቀለበት ወይም ቆርኪ አስረው ሆን ብለው የሚያመጡት ነው። የእኛው በገና በ10 አውታሮቹ ሥር «እንዝራ» የሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች የሚደረጉበት ለዚሁ አይደለምን? እንዝራው የወጣለት በገና ምን ይመስል ነበር!

በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ኮኖኖ ቁጥር 1 የተባለው የኪንሻሳ ጓድ የአውራ ጣት መሣሪያዎቹን ድምፅ ከአሮጌ መኪና ዕቃ በወጣ ማግኔት በሠራው ማይክሮፎን እያጎላ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሸክላ በዓለም ታወቀ። እነርሱ ድምፁን ጨመሩበት እንጂ ባሕርዩን አልቀነሱበትም። በእኛም አገር ሙላቱ አስታጥቄ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜ የአገራችንን መሣሪያዎች ስለ ማዘመን ሠርተዋል፤ ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ዘመናዊ ክራር ስለ መሥራት ምክር ሰጥተዋል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፔዳል ስቲል የሚሉት ጊታር አለ፤ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ፥ ጉልበትም ማንሻውን ሲገፋ፥ ከሥር ያሉ ዘንጎች አውታሩን እየሳቡ ድምፁን ይለውጡታል። የአሮጌዎቹ ጊታሮች መሳቢያ ብረት ሲበላ ባለቤቶቹ በአዲስ አሉሚኒየምና ብረት ይተኩታል። አስተዋዮቹ ግን አሮጌውን ክፍል አይጥሉትም፤ ነገ ሌላ ባለቤት ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላልና።

እንግዲህ ቶሙን ሲያድሱ ከሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱን ምላስ እየመቱ በስልክዎ ይቅዱት፤ ከላይም ከጎንም ፎቶግራፍ ያንሡት። ምላሱ ከቦታው ሸርተት ብሎ እንደ ሆነ በሆዱ በኩል ይመልከቱት፤ በርኩማው ለዓመታት የተጫነበት መሥመር ከዝገቱ ተለይቶ ሊታይ ይችላል፤ የቀድሞው ርዝመት እስከዚያ ነው። ቀጥሎ በሰፈሩ ቶም መምታት የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልገው ከአጠገባቸው ይቀመጡ። ስልክ ላይ ያለው መቃኛ የሚያውቀው የፒያኖን ቅኝት ነው፤ የእርሳቸው ጆሮ «ልክ ነው» ካለ ልክ ነው።

አዲሱን ምላስ ከአሮጌው ጥቂት አስረዝመው ይቁረጡ። ጫፉን ሲሞርዱት ድምፁ ከፍ ይላል፤ ሥሩን ሲያሳሱት ዝቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ሰም ቢለጥፉም ዝቅ ይላል። ሰሙ በጣት ስለሚነሣ ለጀማሪ ከሞረድ ይሻላል። አውራ ጣት እንዳይቆርጥ ጠርዙን ያለስልሱ። የተሰነጠቀውን እንጨት ከውስጥ በኩል በሙጫ ያያይዙት፤ ወፍራም ቀለም ግን አይቀቡት፤ እንጨቱን ያፍነዋልና። ለመድረክ የሚፈልጉት ከሆነ እንጨቱን ሳይበሱ በሰም የሚለጠፍ ትንሽ ማይክሮፎን ይበቃል። የጋምቤላ ክረምት እርጥብ፥ በጋው ደረቅ ስለ ሆነ እንጨቱ ያብጣል፥ ይሸበሸባልም፤ መጫኛውን ዘንግ በየወቅቱ ይፈትሹት።

ያወጧቸውን አሮጌ ምላሶች ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ሰጥተው፥ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው፥ ከቶሙ ጋራ በአንድ ሣጥን ያስቀምጧቸው።