የአንዲት ቁንዶ በርበሬ ኪራይ

ለንደን ውስጥ አፓርታማ የምትገዙ ወገኖቼ፣ የሊዝ ውሉ ላይ «ፔፐርኮርን ሬንት» የሚል ሐረግ ብታገኙ ደስ ይበላችሁ። ዓመታዊው የመሬት ኪራይ አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ነው ማለት ነው፤ በተግባር ምንም አትከፍሉም። በእንግሊዝ ሕግ ተራ ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች አንዳች ነገር ሲሰጣጡ ነው፤ ዋጋው ቢያንስም ፍርድ ቤት አይጠይቅም። አንዲት ፍሬም ትበቃለች።

እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2022 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በአብዛኞቹ አዲስ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ሊዞች ላይ ከአንዲት ፍሬ በላይ የመሬት ኪራይ ማስከፈል ክልክል ነው። የጣሰ አከራይ ከ500 እስከ 30,000 ፓውንድ ይቀጣል። ተገቢ ሕግ ነው፤ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ የሚሆን ኪራይ ስንቱን ቤቱን መሸጥ እንዳይችል አድርጎታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቀድሞ የተፈረመ ሊዝ ላላችሁ ነው። አዲሱ ሕግ እናንተን አይነካም። አከራዩ «በስምምነት እናራዝመው» ቢላችሁ፣ የድሮው የሊዝ ዘመን እስኪያልቅ ነባሩ ኪራይ ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የሊዝ ሕግ መሠረት ካራዘማችሁ ግን 90 ዓመት ይጨመራል፣ ኪራዩም ወዲያው ወደ ቁንዶ በርበሬ ይወርዳል። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱን መንገዶች ከጠበቃችሁ ጋር አነጻጽሩ።