የተሳሳተው ክራሩ ነው ወይስ ስልኩ?

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ አምበር ሄጄ ነበር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሁሉ ይህችን ከተማ ቢያንስ በአውቶቡስ መስኮት አይቷታል። በሠርጉ ማግስት ምሽት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ የአጎቴን ክራር ተቀብሎ፣ ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ይቃኝ ጀመር። በስልኩ ላይ ያለው መርፌ መሀል ላይ ቆሞ አረንጓዴ ሲሆን ወደሚቀጥለው ክር ያልፋል። አንደኛው ክር ላይ ሲደርስ ግን መርፌው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቀላ።

«አባባ፣ ይቺ ክር ወርዳለች» አለ።

«አልወረደችም፤ ቦታዋ እዚያው ነው» አሉ አጎቴ።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ የፊዚክስ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ። በዚያ ምሽት የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም ነበርና፣ እነሆ ዛሬ ልመለስበት።

በነፃ የሚገኘው ትምህርት

በእኛ የተማሪነት ዘመን የሙዚቃን ንድፈ ሐሳብ መማር የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ወርዶ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት፣ አለዚያም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ደጅ መጥናት ነበረበት። የእህቴ ልጅ ግን ሁሉንም የተማረው ከኢንተርኔት በነፃ ነው። «ሚዩዚክቲዎሪ ዶት ኔት» የተባለው ገጽ ኖታ ማንበብን፣ በድምፆች መካከል ያለውን ርቀትና ኮርድን ከነመልመጃው ያስተምራል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) በነፃ በለቀቃቸው የኮርስ ማስታወሻዎች ውስጥም የሙዚቃ መሠረታዊ ትምህርት ይገኛል። ለዳታ ገንዘብ የሚያጥረው ተማሪ ጽሑፎቹን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊያነባቸው ይችላል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ተምሬባቸዋለሁ፤ ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ።

ነገር ግን እነዚህ ትምህርቶች የሚነሡት ከፒያኖ ነው። ፒያኖ ደግሞ አንድ ስምምነት በውስጡ ይዟል፤ ትምህርቱ ሲጀመር ይህ ስምምነት መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ሦስቱ «ሚ»ዎች

እንደሚታወቀው የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚወሰነው በሰከንድ በሚደረገው የንዝረት ብዛት፣ ማለትም በድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹ በእጥፍ ሲያድግ ጆሯችን ያንኑ ድምፅ ቀጥኖ የሰማ ያህል ይሰማዋል፤ ይህም ኦክታቭ ይባላል። የዛሬው ፒያኖ ይህን እጥፍ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ ያለውን በ1.0595 ያበዛዋል፤ ይህን ቁጥር 12 ጊዜ ብናባዛው 2 እናገኛለን። በስልኩ ላይ ያለው መርፌም የሚያውቀው እነዚህን 12 ደረጃዎች ብቻ ነው።

አሁን ክራሩን በትዝታ ቅኝት እንቃኝ። የትዝታ አምስት ድምፆች በትምህርት ቤት አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። «ዶ» 220 ኸርዝ ይሁን እንበል። በእኩል ክፍፍሉ መሠረት «ሚ» አራት ደረጃ ከፍ ብሎ 277.2 ኸርዝ ይሆናል። ይህ የስልኩ «ሚ» ነው።

ሁለተኛ መንገድ አለ። ጆሮ በቀላሉ የሚለየው የ3 ለ2 ዝምድና ነው። ከ«ዶ» ተነሥተን በዚሁ ዝምድና «ሶል»ን፣ ከ«ሶል» «ሬ»ን፣ ከ«ሬ» «ላ»ን፣ ከ«ላ» «ሚ»ን ብናወጣ፣ ከፍ ያለውንም በኦክታቭ ብናወርድ፣ አምስቱም የትዝታ ድምፆች ይገኛሉ፤ ሌላ መሣሪያ አያሻም። በዚህ መንገድ የሚገኘው «ሚ» የ«ዶ» 81/64 እጅ፣ ማለትም 278.4 ኸርዝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሚ»ን በቀጥታ ከ«ዶ» ጋር በ5 ለ4 ማስማማት ሲሆን፣ 275 ኸርዝ ይሰጣል።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ጆሮ ይሰማዋል። የተወጠረ ክር ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር የእሱን እጥፎችም አብሮ ያሰማል። የ220 አምስተኛ እጥፍ 1100 ነው፤ የ275 አራተኛ እጥፍም 1100 ነው፤ ሁለቱ ገጥመው ድምፁ ይረጋል። የስልኩ «ሚ» አራተኛ እጥፍ ግን 1108.7 ነውና ሁለቱ ክሮች አብረው ሲመቱ በሰከንድ ወደ 9 ጊዜ የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ይፈጠራል። ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው ስለ ድምፅ ስሜት በሚያትተው መጽሐፉ፣ የድምፆችን መስማማትና አለመስማማት ያብራራው በዚሁ መንቀጥቀጥ ነው።

ወደ አምበሩ ክራር እንመለስ። መርፌው ወደ ግራ ማዘንበሉ የአጎቴ «ሚ» ከስልኩ «ሚ» ዝቅ ማለቱን ያሳያል። በ3 ለ2 ሰንሰለት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ነበር። ወደ 5 ለ4 ቀርቦ ይሆን? ወይስ እንደ ልጁ አባባል ክሩ ለቆ ነው? አዲስ የተወጠረ ክር መልቀቁ አይቀርምና፣ በአንድ ምሽት በአንድ መርፌ ይህ አይፈረድም። «ቦታዋ» ከሦስቱም የተለየ ሊሆን እንደሚችልም አልዘነጋሁም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የድምፅ ደረጃዎች ለክቶ፣ ተፈጥሮ ያዘዘችው አንድ ብቸኛ ደረጃ እንደሌለ ጽፏል። ኦክታቭን 1200 ቦታ የሚከፍለው «ሴንት» የተባለው መለኪያም የሱ ነው፤ በዚህ መለኪያ ሦስቱ «ሚ»ዎች 386፣ 400 እና 408 ናቸው። በአገራችን ደግሞ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ጽፈዋል። ሲንቲያ ኪምበርሊንም ከዚያ በአንድ ዓመት ቀድማ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት የዶክትሬት ጽሑፏን አቅርባለች።

እንዴት እንለካ?

ስልኩ መቃኛ ብቻ ሳይሆን መቅጃም ነው፤ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይህኛው አገልግሎቱ ነው። ክራሩ በባለቤቱ እጅ ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱን ክር ለብቻው መትቶ መቅዳት፣ ከዚያም «ኦዳሲቲ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም የድግግሞሽ ሥዕሉን ማየት ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ክር በተመታ ቅጽበት ድምፁ በጥቂቱ ቀጥኖ ከዚያ ስለሚረጋ፣ የመጀመሪያዋን ቅጽበት መተው ይገባል። በሰከንድ 44100 ናሙና ከተቀዳ ድምፅ 16384ቱን ብቻ ወስደን ብንመረምር ደግሞ፣ ሥዕሉ የሚለየው 2.7 ኸርዝ ያህል የተራራቁትን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ልዩነት ግን 2.2 ኸርዝ ነው። ስለዚህ መሠረታዊውን ትተን አራተኛውን እጥፍ እናንብብ፤ እዚያ ልዩነቱ አራት ጊዜ አድጎ 8.7 ይደርሳል። ለካሁ ለማለት አንድ ክር አሥር ጊዜ፣ በተለያየ ቀን መመታት አለበት።

ጉዳዩን የሚያስቸኩለው አንድ ነገር አለ። አጎቴ ቅኝታቸውን በወረቀት አላሰፈሩም፤ ያለው በጆሯቸው ነው። ክራሩ ወደ ልጆቹ እጅ ሲገባ በመርፌው ከተቃኘ፣ የ«ሚ» ቦታ የት እንደነበረ የሚነግረን አይኖርም።

የእህቴ ልጅ ለፋሲካ አምበር ሄዶ ሊቀዳቸው ቃል ገብቶልኛል። አጎቴ ቃኝተው እስኪጨርሱ ድረስ ስልኩ ከኪሱ እንዳይወጣ አስጠንቅቄዋለሁ።