ባሕር ዛፍ፣ በርበሬና 38 ቀን

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ሰው ጋቢውን ደርቦ ቴሌቪዥን ይከባል። አንድ የበዓል ምሽት እኔም ከከበቡት አንዱ ነበርሁ። ጋሻና ጎራዴ የያዙ ፈረሰኞች ቁልቁለቱን ይጋልባሉ፤ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዘመኑ ከምኒልክ አያትም በፊት እንደሆነ ተራኪው ነግሮናል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ የአረቄ መለኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ወይ ጉድ! ይሄ ዛፍ ከየት መጣ?» አሉ። እውነትም ከፈረሰኞቹ ኋላ ያለው ጋራ ከግርጌው እስከ አናቱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን የተከታተለ አልነበረም፤ ሁሉም ስህተት ለቀማ ገባ። ያኛው የእጅ ሰዓቱን ረስቶ አላወለቀም፣ የዚያችኛዋ ቀሚስ ትናንት ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ነው፣ ያ የሩቁ ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው።

በጥንት ዘመን ላይ የሚሠራ ድራማ ስንት እውነት ሊኖረው ይገባል? ተመልካች እንዳይሰለችስ ደራሲው እስከ የት ድረስ ከራሱ ቢጨምር ያምርበታል? ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከመምጣቱ አስቀድሞ ጥያቄው በመድረክ ላይ ነበር፤ ሰሜን ሸዋም ሩቅ ሆኖ የሰማው ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትራችንን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሲያደብር ሰው ናቸው። በአውሬ እያሳበቡ ስለ ቤተ መንግሥቱ ተናገሩ፤ ቤተ መንግሥቱም ወርቁ ገባውና ቴአትሩን ከለከለ። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የወጡት ከበደ ሚካኤል ደግሞ በአውሬ ፈንታ በጥንት ሰዎች መጡ። በ1948 ዓ.ም. «አኒባል»ን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ «ካሌብ»ን ጻፉ።

ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣ ገና 15 ዓመት ገደማ በሆነው አገር፣ ከሮም ጋር የተዋጋ የአፍሪቃ ምድር ጦረኛ መድረክ ላይ ሲቆም፣ ተመልካቹ የካርታጎን ፖለቲካ ለመማር ብቻ የተቀመጠ አይመስለኝም። ጆሮው ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የትናንቱን ሲሰማ የዛሬውን ይፈልጋል። የታሪክ ድራማ ላይ ጠባችን የሚከረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የምንጣላው በሰሙ አይደለም።

«ታሪኩን እንዳለ አቅርቡልን» የሚል ሰው ደግሞ፣ ታሪኩ ራሱ «እንዳለ» ያልደረሰን መሆኑን ይዘነጋል። አኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 የአልፕስን ተራራ ሲሻገር መንገድ የዘጋበትን አለት በእሳት አግሎ ሆምጣጤ እየደፋ እንደሰነጠቀው የሚተርክልን ሮማዊው ሊቪ ነው። ከእሱ ቀድሞ የጻፈው፣ መንገዱንም ራሱ ሄዶ ያየው ፖሊቢየስ ስለ ሆምጣጤው አንድ ቃል አልጣፈም። እንግዲህ ለቴሌቪዥን የሚጽፍ ሰው የቱን ይውሰድ? እኔ ብሆን ሆምጣጤውን እወስዳለሁ፤ ለዐይን ይመቻልና። ማንንም አይበድልም።

ካሌብ ላይ ስንደርስ ችግሩ ቋንቋ ይሆናል። ንጉሡ በስድስተኛው መቶ ዓመት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያርን የወጋ ነው፤ የአገሩ ቋንቋ ግዕዝ፣ የወርቅ ሳንቲሙ ጽሑፍ ደግሞ ግሪክኛ ነበር። መድረክ ላይ ግን በአማርኛ ነው የሚፎክረው። ሌላ ምን ይደረግ? በዘርዐ ያዕቆብ ዘመንስ ቢሆን፣ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ለነገሥታት የተዘፈኑ ጥንታዊ የአማርኛ ግጥሞች ደርሰውናል፤ አንብቦ የሚረዳቸው ግን ሊቅ ነው እንጂ ጋቢ ደርቦ የተቀመጠ ተመልካች አይደለም። ስለዚህ ሁላችንም በዝምታ ውል ገብተናል፦ የጥንት ሰው በእኛ አማርኛ ይናገራል፣ እኛም እንደማናውቅ እንሆናለን። የማይዋጥልኝ፣ ድራማ ጸሐፊዎች ቋንቋው እንዲያረጅ ብለው እያንዳንዱን ሰው በተረትና ምሳሌ ብቻ ሲያናግሩት ነው። የጥንት ሰውም እኮ «ጨው ያዝልኝ» ይል ነበር።

ወደ አንኮበር እንውጣ፤ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ጉብታ ላይ ዛሬ የቆመው፣ የምኒልክን አዳራሽ አስመስሎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ከጥንቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ነው። ዳገቱን ወጥቶ የሚደርስ ጎብኚ ትንፋሹን ሰብስቦ ፎቶ የሚነሳው ከአዲሱ አዳራሽ ፊት ነው። አልፈርድበትም። አስመስሎ የተሠራው ባይኖር ኖሮ ያንን ሁሉ ዳገት አይወጣም ነበር፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፍርስራሹን ማየቱ አይቀርም። የታሪክ ድራማም ሲሳካለት እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል፤ ያየው ሰው ዋናውን ፍለጋ ይነሳል።

የአንኮበርን ድራማ ልሥራ የሚል ሰው ማስረጃ አይቸግረውም። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሻለቃ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የመልእክተኞች ቡድን እየመራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ፤ በተከታዩ ኅዳርም የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ በርናትዝ ያየውን በሥዕል አስቀረ፤ ልብስ ሰፊውም የመድረክ አናጢውም ቢመለከቱት የሚጠቅም ነው። የሃሪስን ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ግን ያጣጣሉት የራሱ ዘመን ሰዎች ናቸው፦ በዚያው ሰሞን ሸዋ የነበረው ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሳይቀር ተችቶታል። ሃሪስ ቃል ማንቆርቆር፣ ነገር ማግዘፍ ይወዳል። ማለትም የምንጠቅሰው «ምንጭ» ራሱ ግማሹ ድራማ ነው። የሆነ ሆኖ ሣህለ ሥላሴ አንድ ዐይኑ የጠፋ ንጉሥ እንደነበር በአገሩም ይታወቃል፤ ድራማ ቢሠራለት ግን ሁለት ዐይኑ የሚያበራ መልከ መልካም ተዋናይ እንደሚመረጥለት አልጠራጠርም።

ስለ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከማንም ይበልጥ ተጽፏል፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በቴአትር አቅርበውታል። የመይሳው ሕልም አገር አንድ ማድረግ ነው፤ ተመልካች ያለቅስለታል። ሆኖም በ1848 ዓ.ም. ያ ሕልም ሸዋ ሲደርስ ጦር ይዞ ነበር የመጣው። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞተ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ምኒልክ ተማርኮ ሄደና መቅደላ አሥር ዓመት ገደማ ኖረ። ያው አንድ ታሪክ ነው፤ ካሜራው ከፈረሱ ላይ ሆኖ ሲያይና ከልጁ ቁመት ሆኖ ሲያይ ግን አንድ አይሆንም። ስለዚህ ነገር ያማረረ ተመልካች ስሰማ ከባሕር ዛፉ ይበልጥ ጆሮ እሰጠዋለሁ።

ሙግቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ስለ ሱልጣን ሱለይማን በቀረበው ተከታታይ ድራማ የተነሳ እስከ ያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ድረስ ተቆጥተዋል፤ ኤርዶጋን ሱልጣኑ ዕድሜውን ያሳለፈው በፈረስ ጀርባ ነው እንጂ በእልፍኝ አይደለም ባይ ነበሩ። በ2023 ደግሞ ኔትፍሊክስ ክሊዮፓትራን ጥቁር ተዋናይት ሰጥቶ ሲያቀርባት የግብፅ የቅርስ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ተነሱበት። ሁለቱም ጋ ጠቡ ስለ ዛሬ ማንነት ነው።

እኛ ዘንድ ከሁሉም የሚከብደው ገና ያልተሠራው ድራማ ይመስለኛል፤ እሱም የደብረ ብርሃን የራሷ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሠ፤ የመጨረሻ ዓመታቱን እዚህ ነው ያሳለፈው። የሚያሳስቱ ጥቃቅን ነገሮች ሞልተዋል። ግብር ሲገባ ቀይ ወጥ እንዳይቀርብ! በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ንጉሡ ያረፈው ኮሎምበስ መርከብ ላይ ከመውጣቱ 24 ዓመት አስቀድሞ ነው፤ ወጡ በጥምዝና በዝንጅብል ይቃጠል። ጫካ ካስፈለገም ባሕር ዛፉን ትቶ ወፍ ዋሻ መውረድ ነው፤ የመናገሻ ጽድ ዘሩ በዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከዚያ እንደተወሰደ ይነገራል። ይህ ሁሉ በጥሩ አማካሪ ይስተካከላል።

አማካሪ የማያስተካክለው ብርሃኑን ነው። የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ ልጅ ሁሉ ያውቃል፦ ብርሃን ከሰማይ ወረደ፣ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ደብረ ብርሃን ተባለች። አንዳንዶች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ይሁንና ከብርሃኑ 38 ቀን በፊት ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረዋል፤ ከሚጣሉበት አንዱ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ማለታቸው ነበር፤ ብርሃኑም ፈጣሪ ፍርዱን ማጽደቁ ነው ተብሎ ተተረጎመ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ይህን በንጉሡ ዐይን ይነግረናል። የተወገሩት ወገኖች የጻፉት ገድል ደግሞ አለ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው በ1996 ዓ.ም. አሳትመውታል። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለ ብርሃኑ እንደ ድሮው ማውራት ይቸግረዋል።

ብርሃኑን አሳይቶ ድንጋዩን የሚደብቅ ድራማ፣ ልብሱ ክሩ ሳይቀር የ15ኛው መቶ ዓመት ቢሆን፣ ለእኔ ከባሕር ዛፉ የባሰ ስህተት ነው። ድንጋዩን ብቻ አሳይቶ ንጉሡን አውሬ የሚያደርገውም ያው ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ብዙ ድርሰት የተነገረለት፣ በሃይማኖቱ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው። ድንጋዩ ተወርውሯል፣ ብርሃኑ ታይቷል፤ እነዚህን ደራሲ አይነካቸውም። መካከል ላይ ያሉት 38 ቀናት ግን ባዶ ናቸው። ንጉሡ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው ነበር? ከወጋሪዎቹ አንዱ እጁን ሲታጠብ ምን አሰበ? የሟቾቹን እናቶች ማን አጽናናቸው? ይህን የነገረን የለም፤ ደራሲው እንደ ልቡ ይጻፍበት።