ሕፃኑ ሰማዕት በሥዕል፣ በሕንፃና በቦታ ስም

በአዲስ አበባ «የምንኖረው ቂርቆስ ነው» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ስሙ የሠፈርም የክፍለ ከተማም መጠሪያ ስለ ሆነ ከአፋችን አይለይም። ነገር ግን ይህ ስም አስቀድሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ስም መሆኑን ልጆቻችን ያውቁ እንደ ሆነ ልንጠይቃቸው ይገባናል።

ቅዱስ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በሰማዕትነት ያለፉት በዲዮቅልጥያኖስ ዘመነ ስደት፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በግሪኮች ዘንድ እንደሚተረከው፣ ኢየሉጣ የኢቆንዮን ሴት ስትሆን፣ ስደቱን ሸሽታ ልጇን ይዛ ጠርሴስ ደረሰች፤ በዚያም ተይዛ ከመኰንኑ ከእለእስክንድሮስ ፊት ቀረበች። መኰንኑ ሕፃኑን ታቅፎ ሊያባብለው ቢሞክር፣ ሕፃኑ የእናቱን ቃል እየደገመ ፊቱን ስለ ቧጨረው፣ በቁጣ ከደረጃው ላይ ወርውሮ ገደለው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ እናትና ልጅ ውኃ ወደ ፈላበት የብረት ጋን በተወሰዱ ጊዜ እናቲቱ ብትፈራ ያጸናት ሕፃኑ ነው፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም አዳናቸው። ይህ ሐምሌ 19 ቀን ይታሰባል፤ የሕፃኑ ሰማዕትነት ግን ጥር 15 ቀን ይከበራል።

ይህ የጋኑ ነገር በአገራችን ሥዕል ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን። በስፔን አገር፣ በካታሎንያ ተራሮች ውስጥ ለነበረች ለዱሮ መንደር ጸሎት ቤት በ12ኛው መቶ ዓመት በእንጨት ላይ የተሣለ የመሠዊያ ገበታ ዛሬ በባርሴሎና ቤተ መዘክር ይገኛል። በመካከሉ ኢየሉጣ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በዙሪያው ካሉት መከራዎች አንዱ በጋን መቀቀል ነው። በሮማ ከተማም በሳንታ ማሪያ አንቲኳ ቤተ ክርስቲያን፣ በጳጳሱ በዘካርያስ ዘመን (741–752 በኤውሮጳ አቆጣጠር)፣ የሁለቱ ገድል በግድግዳ ላይ ተሥሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በ847 የምድር መናወጥ ተቀብሮ ሲኖር በ1900 ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ሥዕሉም ከአፈር በታች ተጠብቆ ተገኘ።

ስሙም እንደ ቋንቋው እየተለወጠ አገር ለአገር ዞሯል። ፈረንሳዮች «ሲር»፣ ኢጣሊያኖች «ኵዊሪኮ» ይሉታል። በፈረንሳይ የኔቬር ከተማ ካቴድራል በሕፃኑና በእናቱ ስም የተሰየመ ነው፤ በ1944 በጦርነቱ ቦምብ ክፉኛ ተጎድቶ እንደ ገና ታደሰ። በቬርሳይ አጠገብ ሴን ሲር በምትባል መንደር ናፖሌዎን በ1808 ያስገባው የጦር ትምህርት ቤት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ቢዛወርም፣ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ተምረውበታል። ሰይፍ ያልያዘ ሕፃን ስሙን ለመኰንኖች ትምህርት ቤት ማውረሱ የሚያስደንቅ ነው።

በአገራችንም በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር አጠገብ ያለችው ደሴት፣ ገዳሟም ጭምር፣ ጣና ቂርቆስ ትባላለች።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ ድንጋይ ይፈርሳል፣ ቀለም ይደበዝዛል፤ ስም ግን ታሪኩን የሚነግር ሰው ካላገኘ ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ሥዕልን የሚያድሱ ባለሙያዎች አሉ፤ የስምን ትርጉም የሚያድሱት ግን ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስድ በሥዕሉ ፊት ጥቂት እንቁም፤ ፈርታ የነበረችውን እናት ያጸናት ማን እንደ ሆነም እንንገራቸው። ትንሽ ልጅ ለወላጆቹ ብርታት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለምና።