እየተነሣ የሚጠፋ የውሃ መሳቢያ ሞተር

የሽንኩርት ወይም የቲማቲም ማሳ በበጋ ወራት ውሃ ሳያገኝ ጥቂት ቀናት ከሰነበተ የገበሬው ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለ ቤንዚን ሞተሮች ብዙ ጊዜ የምንሰማው ችግር፥ «ይነሣል፥ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል» የሚል ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር ሞቷል ማለት አይደለም። ከተነሣ እሳት አለው፤ ቤንዚንም ደርሶታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ተከታዩ ነዳጅ ስለማይደርስ ነው። ካርቡራተሩ በውስጡ የያዛት ጥቂት ቤንዚን እስክታልቅ ይሠራል፤ ከዚያ ይቆማል።

እንግዲህ ብሎን ከመፍታታችን በፊት ከቀላሉ እንጀምር። በመጀመሪያ ዘይቱን እንለካ፤ ዘይት ሲጎድል ራሳቸውን የሚያጠፉ ሞተሮች አሉና። ቀጥሎ የነዳጁን ጋን ክዳን እንመልከት። በክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሷ በአቧራ ከተደፈነች በወረደው ቤንዚን ፈንታ አየር ስለማይገባ ነዳጁ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን ላላ አድርገን ስናስነሣው ሳያቋርጥ ከሠራ ጥፋቱ የክዳኑ ነው።

ክዳኑ ደኅና ከሆነ፥ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ሜዳ የነዳጁን መዝጊያ ዘግተን ጎማውን ከካርቡራተሩ እንንቀል። ጫፉን በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርገን መዝጊያውን ስንከፍት ቤንዚኑ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ማጣሪያው ወይም ጎማው ተደፍኗል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከዕቃው ሥር ይዘቅጣል፤ ከታየ ጋኑና ካርቡራተሩ ተደፍተው በንጹሕ ቤንዚን ይታጠቡ።

ቤንዚኑ በደንብ እየወረደ ሞተሩ ቾክ ሲዘጋ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፥ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ጠባብ የነዳጅ ቀዳዳ ቆሽሻለች ማለት ነው። ቤንዚን እንደ ያዘ ለወራት የተቀመጠ ሞተር ይህ በብዛት ይደርስበታል። ቀዳዳዋ በአየር ትነፋ እንጂ በሽቦ አትጎርጎር፤ ከሰፋች ሞተሩ ያለ ልክ ነዳጅ ይጠጣል። ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚጠፋ ከሆነ ግን የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፥ ቾኩም መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል። ሲሞቅ ብቻ ጠፍቶ ካንዴላው እሳት ካጣ ጉዳዩ የመካኒክ ነው።

መስኖው ሲያበቃ ቤንዚኑን አንጠፍጥፎ ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ሞተር መስጠት መልካም ነው፤ የሚያውቀው እጅ በመንደሩ ከሌለ ግን በአንዲት የአቧራ ቅንጣት ይቆማል። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር ዕውቀቱንም አብረን እናድርስ።