አደይ አበባ ቢጫ ብቻ አይደለችም

ለመሆኑ አንዲት አደይ አበባ ስንት ቢጫ ቅጠል አላት? ይህን ጥያቄ ለክፍል ጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። አምስት ያለ አለ፣ ስድስት ያለ አለ፣ «ደግሞ ማን ይቆጥራል?» ብሎ የሳቀም አለ። የሚገርመው ሁላችንም በየዓመቱ እናያታለን። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ ሥለናት፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርን «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ሳንቲም ተቀብለንባታል። ያቺ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ታዲያ ከሠፈር ሠፈር አንድ ናት፦ መሃል ላይ ክብ፣ ዙሪያውን ድብልብል ያሉ ቅጠሎች፣ ከሥር ቀጥ ያለ አረንጓዴ ግንድ። እኔ ይህቺን ሥዕል እወዳታለሁ። ግን ከታላቅ ወንድም ወይም ከጎረቤት ልጅ የተቀዳች ምልክት እንጂ ከአበባዋ የተሣለች አይደለችም። አበባዋን ራሷን መሣል ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ነው።

እኔ የምለማመደው መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ነው። አደባባዩ አስፋልትና ኮንክሪት እንጂ የአበባ መስክ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። አደይ ወደዚያ የምትመጣው በሰው እጅ ነው፣ በተለይ መስከረም 16 ደመራው ሲቆም። እኔም አንድ እቅፍ ገዝቼ፣ ግማሹን በተቆረጠ ሃይላንድ ውኃ ውስጥ አቁሜ ይዤ እሄዳለሁ። ቦታውን የመረጥኩት ለብርሃኑ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፀሐይዋ በጎን ስለምትመጣ እያንዳንዱ ቅጠል በሚቀጥለው ላይ ጥላ ይጥላል። እኩለ ቀን ላይ ግን ብርሃኑ ከአናት ይወርድና አበባው ልሙጥ ይሆናል። (ለስፖርት ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ቆም ብለው አስተያየት መስጠታቸው አይቀርም። መልመድ ነው።)

መጀመሪያ ቀለም አይነካም። እርሳስ ብቻ፣ እሱም ሳይጫኑ። አበባዋን ቆጥሩ፤ እኔ አሁን ፊቴ ያለችው ስምንት አላት። ቢጫዎቹ ቅጠሎች ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሄዱ ቀጫጭን ቦዮች አሉ፣ ጥላ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለው ቅጠል ወደ እናንተ ስለሚመጣ አጥሮ ይታያል፤ እጃችሁ ግን «ሁሉም እኩል ናቸው» እያለ ሊያስረዝመው ይታገላል። እዚህ ላይ ዓይንን ማመን ነው።

መሃሏ ደግሞ ጉድ ነው። አደይ፣ በሳይንስ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ የሱፍና የኑግ ዘመድ ናት። እኛ አንድ አበባ የምንለው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መሃል ያሉት የሚከፈቱት ከዳር ጀምረው ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳር ያሉት ነጠብጣቦች ተለቅ፣ ፈልቀቅ ይላሉ፤ መሃል ያሉት ገና እምቡጥ ስለሆኑ ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ። ይህንን ያወቀ ሰው መሃሉን አንድ ቡኒ ክብ አድርጎ አይቀባውም። ሻካራነቱ ከነጠብጣቡ መጠን ይመጣል እንጂ ብሩሽ በመጫን አይመጣም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ትልቁ ፈተና የቢጫ ጥላ ነው። ጥላ ጥቁር ነው ብላችሁ ቢጫው ላይ ጥቁር ብትጨምሩ ምን ይሆናል? አረንጓዴ! የደፈረሰ፣ የወይራ ፍሬ የመሰለ አረንጓዴ። ሞክሩትና እዩት። አበባዋ የታመመች ትመስላለች። መፍትሔው ቢጫውን ወደ ብርቱካንማና ወደ አፈርማ ቡኒ ማውረድ ነው፤ ጠለቅ ላለው ጥላ ደግሞ የብሩሽ ጫፍ ያህል ወይን ጠጅ በቂ ነው። ሌላው ችግር ወረቀቱ ነው። ቢጫ ነጭ ወረቀት ላይ ይጠፋል። አበባዋን ይበልጥ ከማድመቅ ይልቅ ከኋላዋ ያለውን ቅጠል ጠቆር ማድረግ ይሻላል፤ ያኔ ቢጫው ራሱ ብድግ ይላል። በውኃ ቀለም ስትሠሩ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ከመጀመሪያው ሳትነኩ ተዉት።

አረንጓዴውም ከቱቦ እንደወጣ አይቀባም፣ ፕላስቲክ ይመስላል። ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅሉና ትንሽ ቀይ ጣል አድርጉበት፣ ወዲያው የሜዳ አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠሉን ሻከር ለማድረግ ብሩሹን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ፣ ውኃው ሊያልቅ ሲል ወረቀቱን ዳበስ ማድረግ ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ስልክ እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን በጠንካራ ፀሐይ የተነሣ ደማቅ ቢጫ ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል፣ ቦዮቹ ይጠፋሉ። ፎቶው ቅርጹን ለማስታወስ ይረዳል፤ ቀለሙን ግን ከአበባዋ ነው መውሰድ።

ስለ ዕፅዋት ሥዕል ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ ደግሞ በቀጥታ የኛን ሙያ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር። ባሉጋኒ ሠዓሊ ነው። የአገራችንን ዕፅዋት በቦታው እያየ ሣላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፣ አገሩን ዳግም አላየም። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ታላቁን የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ኮሶን፣ እንሰትን፣ ጤፍን፣ ዋንዛን የሚያሳዩ ሥዕሎች ነበሩበት። የባሉጋኒ ድርሻ ግን በሚገባው ልክ አልተነገረም፤ አንባቢ ሥዕሎቹን የብሩስ አድርጎ ወሰዳቸው። ተመራማሪዎች ሥዕሎቹን በሠዓሊው ስም መጽሐፍ አድርገው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ማለት ነው። እኛ ጋዜጣ ላይ «ፎቶ፦ እገሌ» የምትለዋን መስመር ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትቆረጥ አድርገን እናያታለን። የባሉጋኒን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እኔ ያቺን መስመር ለመቁረጥ እጄ አይታዘዝም።

ለመጀመር ለምትፈልጉ፦ አንድ ኤችቢ እርሳስ፣ አንድ ቱቢ እርሳስ፣ ትንሹ የውኃ ቀለም፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ብሩሽ ይበቃል። አደይ ከመስከረምና ከጥቅምት በኋላ ስለማትገኝ ቀሪውን ዓመት በባሕር ዛፍ ተለማመዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እሱ አይጠፋም። ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ሲሆን ቅጠሉ ክብ፣ ብርማ ሰማያዊ፣ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነው፤ ሲያድግ ደግሞ ረዥም፣ እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሣሉ። አንዱን በቀላቀላችሁት አረንጓዴ ሌላውን መቀባት አይቻልም።