ቤተሰብ ይዞ መውጣት
በጉርድ ሾላ ዘመናዊ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ሙስሊም ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?



ከመገናኛ ተነስቶ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. እና ወደ አያት ለሚጓዝ ሰው ጉርድ ሾላ የታወቀ ስፍራ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ሰፈሩን አቋርጦ ያልፋል፤ ጉርድ ሾላ 1 እና ጉርድ ሾላ 2 የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎችም አሉት። በሴንቸሪ ሞልና በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሙት ሕንፃዎች መስተዋታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ወንበራቸው የሚጋብዝ፣ የቡናቸው ሽታ እስከ መንገድ የሚደርስ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል። ወደ ቦሌ ዘለቅ ሲባል ደግሞ ቁጥራቸው ይበዛል።

ልጆቻችን እነዚህን ቤቶች በየቀኑ ከታክሲ መስኮት ያዩአቸዋል። «አባዬ፣ አንድ ቀን እዚህ እንግባ» የሚል ጥያቄ ያልቀረበለት አባወራ ጥቂት ነው። ታዲያ አንድ ሙስሊም አባት ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ከነዚህ ቤቶች ቢገባ ዲኑን ሳይጥስ፣ ኪሱን ሳይጎዳ፣ ልቡም ሳይሳቀቅ ተዝናንቶ ሊወጣ ይችላልን? በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ቡና ቤት የባዕድ ነገር ነውን?

አንዳንድ ወገኖቻችን ካፌ መቀመጥን ከምዕራባውያን የተቀዳ ልማድ አድርገው ያዩታል። ማኪያቶው በእርግጥ ጣሊያኖች ይዘውት የመጡት ነው። ቡና ቤት ግን በሙስሊሙ ዓለም የተወለደ ነገር ነው። ከአገራችን ምድር የበቀለው ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ታላቅ ስም አገኘ። በዚያ የነበሩ ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ለማሳለፍ እንቅልፍ ማባረሪያ አድርገው ይጠጡት ነበር። ከየመን ወደ መካ፣ ከመካ ወደ ካይሮ ደረሰ።

መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ917 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1511) የመካው ሹም ኻኢር በይ ሰዎች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አይቶ ጉዳዩን ለዑለሞች አቀረበና ቡና አስከለከለ። ካይሮ የነበረው ሡልጣን ግን ክልከላውን በዚያ መልኩ ሳያጸናው ቀረ። ክርክሩ ለዓመታት ቢቀጥልም ቡና ሐላል መሆኑ በዑለሞች ዘንድ ጸና። በ1550ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሶርያ የሄዱ ሁለት ሰዎች በኢስታንቡል ቡና ቤት ከፈቱ። ለንደን የመጀመሪያዋን ቡና ቤት ያየችው ከዚያ በኋላ፣ በ1652 ነው።

በአገራችንም ቡና ለረጅም ዘመን «የሙስሊም መጠጥ» ተብሎ ይታይ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እስከ ዛሬ በየቤታችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንቆጥራቸው የሲኒ ስሞች የዐረብኛ ቃና እንዳላቸው ልብ ይሏል። ስለዚህ ጥያቄው ቡና ቤት መቀመጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም ሳይሆን፣ በምን ዓይነት ቤት፣ ከማን ጋር፣ ምን እየበሉና እየጠጡ የሚለው ነው።

ከማን ጋር?

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደው አባወራው ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ውሎ ሲመጣ፣ እመቤቲቱ ከምድጃው ጋር መዋሏ ነው። ይህ ልማድ እንጂ ሱና አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሾርባ አሳምሮ የሚሠራ አንድ ፋርሳዊ የአላህ መልእክተኛ (ሶ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ነበር። አንድ ቀን ምግብ ሠርቶ ሊጋብዛቸው መጣ። እርሳቸውም ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አመልክተው እሷም ተጋብዛ እንደሆነ ጠየቁት። አይደለም ሲላቸው ግብዣውን አልተቀበሉም። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እሺ ባለ ጊዜ ሁለቱም ተነስተው ተከታትለው ወደ ቤቱ ሄዱ።

ባለቤቱን ትቶ ብቻውን መጋበዝ ለለመደ ሰው በዚህ ሐዲስ ውስጥ በቂ ትምህርት አለ። በወር አንድ ጊዜም ቢሆን እናት የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ተቀምጣ ብትበላ፣ ልጆችም አባታቸውን ያለ ስልክና ያለ ሥራ ፊት ለፊት ቢያገኙት፣ ለቤቱ ፍቅር የሚያተርፈው ቀላል አይደለም።

የእርዱ ጉዳይ

በጉርድ ሾላም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሙስሊሙን ቀድሞ የሚያሳስበው ሥጋ ነው። በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊሞች መፈቀዱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ በአገራችን ግን ሁለቱ ወገኖች እርዳቸውን ለይተው ኖረዋል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሥጋ ቤቶችም ተለይተው የሚታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው። በሕጉ ዝርዝር ላይ ጥያቄ ያለው አንባቢ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። ልማዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ወንበር ከመሳቡ በፊት ማጣራት አለበት።

ብዙዎቻችን ለመጠየቅ እናፍራለን። ሊያሳፍረን አይገባም። «ወንድሜ፣ ሥጋው የማን እርድ ነው?» ብሎ አስተናጋጁን በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። እሱ ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቅልን። በር ላይ «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ካየንም ሥጋው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና።

ብዙ ሙስሊሞች የጾም ምግብ በማዘዝ ችግሩን ያልፉታል። ሽሮ፣ ምስር፣ በያይነቱ፣ ፉል፣ ዓሣ በየቤቱ ይገኛሉ። ሆኖም አንድ ነገር አይዘንጋ፤ የድንች ጥብሱ ሥጋና ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ሊሠራ፣ እንቁላሉም በርገር በተጠበሰበት መጥበሻ ሊወጣ ይችላል። ይህም ይጠየቃል።

ሙሉ በሙሉ ሐላል የሆነ ማዕድ የሚፈልግ ቤተሰብ ከጉርድ ሾላ ጥቂት ራቅ ብሎ ቢሄድ አይከፋም። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሱማሌ ምግብ ቤቶች አሉ። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ከተባባሰ ወዲህ የመጡ የመናውያንም በከተማዋ ማንዲና ዳቦ የሚያቀርቡ ቤቶችን ከፍተዋል። ማንዲ በአንድ ትልቅ ትሪ ቀርቦ ቤተሰቡ ዙሪያውን ከቦ የሚበላው ስለሆነ፣ ገበታ አብሮ ለመቁረስ ለለመደ አበሻ እንግዳ አይሆንበትም።

ኬኩም ይጠየቃል

ሥጋ አልበላሁም ብሎ ኬክ ላይ መዝናናት ብቻውን አይበቃም። በካፌ መስተዋት ውስጥ ከተደረደሩት መካከል ባባ የሚባለው ኬክ በጥንተ አሠራሩ በሩም የሚርስ ነው። ብላክ ፎረስት ከቼሪ በተጠመቀ አልኮል፣ ቲራሚሱም በወይን ወይም በሩም ይሠራሉ። በከተማችን ብዙ ካፌዎች አልኮሉን ትተው በስኳር ውሃ ሊተኩት ይችላሉ፤ ግን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። ክሬሙን የሚያረጋው ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚገኝ ነው። ኢ 471 ተብሎ የሚጻፈው ማዋሐጃም ከዕፅዋት ወይም ከእንስሳት ስብ ሊሠራ ይችላል። ለልጆች ሚልፎይ፣ ቦምቦሊኖ ወይም በቤቱ የተጋገረ ተራ ኬክ ማዘዝ ይቀላል፤ የተሠራበት ቅባት ከተጠየቀ በኋላ።

አስካሪ መጠጥና ጭስ

አስካሪ መጠጥ በሚዘዋወርበት ማዕድ መቀመጥን የአላህ መልእክተኛ (ሶ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። ከዘመናዊ ምግብ ቤቶች አያሌዎቹ ቀን ካፌ፣ ማታ መጠጥ ቤት ናቸው። ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ዋና ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት ያለው ጊዜ ለቤተሰብ የተሻለ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ሙዚቃውም ጠርሙሱም ይበዛል። አልኮል ፈጽሞ የማያስገቡ፣ ቡና፣ ሻይና ጭማቂ ብቻ የሚሸጡ ካፌዎችም ስላሉ ቀድሞ እነርሱን መፈለግ ይመረጣል።

የአገሪቱ ሕግም በዚህ ረገድ ለቤተሰብ ያግዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በካፌና በምግብ ቤት ውስጥ ትንባሆ ማጨስንም አግዷል። አጠገባችን የሚያጨስ ሰው ቢኖር ለኃላፊው መንገር ሕጋዊ መብታችን ነው።

ሶላትና ሒሳብ

ዙህር ወይም ዓስር ሲደርስ ለልጆች ኬክ ማዘዝ ሶላትን ለማሳለፍ ምክንያት አይሆንም። ከቤት ሳይወጡ ቅርብ ያለውን መስጊድ ማወቅ፣ ወይም ሰግዶ መውጣት ይበጃል።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ምግብ ከመታዘዙ በፊት ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ይታይ። 15 በመቶ ቫትና አንዳንድ ቤቶች የሚያስከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ሲደመሩ፣ ስድስት ሆኖ የሚወጣ ቤተሰብ ያላሰበው ሒሳብ ሊመጣበት ይችላል። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ብሉ ጠጡ ካለ በኋላ ማባከንን የሚከለክል መሆኑን እናስታውስ። አንድ ሰሐን ለሁለት ልጆች ማካፈልና የተረፈውን «ይጠቅለልልን» ማለት ነውር አይደለም። ባለ ብዙ ፎቅ ካፌ ለመግባት ከጎረቤት የሚበደር አባወራ ግን ልጆቹን ያስተማረው መዝናናትን ሳይሆን ታይታን ነው።

ለባለ ካፌዎች

በመጨረሻ ለነጋዴዎች የምንለው አለን። በአገራችን ሠርግም ሆነ ሐዘን ሲሆን፣ ክርስቲያን ጎረቤት የሙስሊሙን ምግብ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ሙስሊም ወጥ ሠሪ አቁሞ ያቀርባል። ይህን እንዲያደርግ ያስገደደው ሕግ የለም፤ ጎረቤቱ ማዕዱን ሳይቀምስ እንዲሄድ ስለማይፈልግ ነው። ድሀው መንደር በድንኳን ውስጥ ያሟላውን ባለ መስተዋቱ ካፌ ሊያቅተው አይገባም። የእርዱን ምንጭ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ፣ አንድ መጥበሻና አንድ የዘይት መጥበሻ ድስት መለየት፣ ለሶላት የምትበቃ ጥግ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም። ይህን ያደረገ ነጋዴ በምላሹ በየወሩ ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ያገኛል።

እኛም ያላየውን ባለ ካፌ ከመውቀሳችን በፊት እንጠይቅ። ሰባት ሙስሊም ደንበኛ በሳምንት «ሥጋው የማን እርድ ነው?» ብሎ የጠየቀው ቤት፣ መልሱን በስምንተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ መጻፉ አይቀርም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሲሳይን ያብዛልን፤ ቤተሰቦቻችንንም በፍቅር ያኑርልን። ወላሁ አዕለም።